የኅብረተሰብ ጤና ዲግሪ፦ ስንት ያስወጣል? ምን ያስገኛል?

በዛሬው የትምህርት ገጻችን ስለ አንድ የሙያ ዘርፍ እንወያያለን። ርዕሱን የመረጥኩት እናንተው ደጋግማችሁ ስለምታነሱት ነው። በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ውይይት ላይ ስገኝ፣ ስለ ቫይረሱ መተላለፊያና መከላከያ መንገዶች ከተነጋገርን በኋላ አንድ ልጅ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «ፐብሊክ ሄልዝ ብማር ያዋጣኛል ወይ?» ይላል። ጥያቄው ከክበቡ ሥራ ውጪ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። የምሠራውም በማኅበራዊ ሠራተኝነት ነው። ስለዚህ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ ብዬ አልናገርም። ይሁንና ከጤና መኮንኖች ጋር በየቀኑ አብሬ እሠራለሁ፤ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ትምህርት ወጪ ሲጨነቁም ቁጭ ብዬ አብሬ አሰላለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ያንኑ ስሌት ነው። እርሳስና ወረቀት ያዙ!

1. ሙያው ምንድን ነው?

ሐኪም በፊቱ የተቀመጠውን አንድ ታማሚ መርምሮ ያክማል። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን ሰፈሩን በሙሉ እንደ አንድ ታማሚ ያያል። በዚህ ወር በዚህ ቀበሌ ተቅማጥ ለምን በዛ? ሰዎቹ ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው? ክትባት ያልወሰዱ ሕፃናት የሚበዙት የትኛው መንደር ነው? ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያ የማይመጡት መንገዱ ርቆባቸው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አላቸው? እነዚህን ጥያቄዎች በቁጥርና በማስረጃ መመለስ፣ ከዚያም መፍትሔውን ከሕዝቡ ጋር ሥራ ላይ ማዋል የሙያው ልብ ነው።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዘርፉ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቀው ባለሙያ ጤና መኮንን ይባላል። ጤና መኮንን በጤና ጣቢያ ታማሚ ያክማል፤ በተጨማሪም የመከላከሉን ሥራ ይመራል። ይህ አሠራር መነሻው ጎንደር ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳና ወደ ገጠር ይሰማሩ ዘንድ ነው የታሰበው። ከዚያ ወዲህ ጅማን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን መስጠት ጀምረዋል።

ለእኛ ለኤች አይ ቪ መከላከል ሥራም ይህ ሙያ ባለውለታ ነው። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በጥር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐኪሞች ጥቂት ነበሩ፤ ያሉትም በብዛት በትልልቅ ከተሞች ነበር። ሕክምናው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወርድ የቻለው ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው ሥራውን ስለተረከቡት ነው። ዛሬ በወረዳ ከተማ መድኃኒቱን እየወሰዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች የዚህ ሥራ ምስክሮች ናቸው።

2. ወጪው ስንት ዓይነት ነው?

ወጪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የትምህርት ክፍያን ብቻ ነው። እኔ ግን በአራት እከፍለዋለሁ።

ሀ. ለትምህርት የሚከፈል ወጪ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባችሁ ስትገቡ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ይኸው ነው። አሠራሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ1995 ዓ.ም. የተደነገገ ሲሆን፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያደርጋል። ገንዘቡ የሚከፈለው ተመርቆ ሥራ ከተያዘ በኋላ፣ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። እንግዲህ «መንግሥት በነፃ ያስተምረኛል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በግል ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ክፍያው የሚወድቀው በቤተሰብ ላይ ነው፤ የሚከፈለውም ዛሬ፣ በየሴሚስተሩ ነው።

ለ. የዕለት ተዕለት ወጪ። ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ ለበዓል ወደ ቤት መመላለሻ ትራንስፖርት፣ ለተግባር ልምምድ ነጭ ጋወን... እነዚህ እያንዳንዳቸው ትንንሽ ናቸው። ሲደመሩ ግን ትልቅ ይሆናሉ። ማንም በውል ላይ አይጽፋቸውም።

ሐ. የጊዜ ወጪ። ትምህርቱ የአንደኛ ዓመቱን የጋራ ትምህርት ጨምሮ ቢያንስ አራት ዓመት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጓደኛችሁ ሱቅ ተቀጥሮ በወር 4,000 ብር ቢያገኝ፣ በ48 ወር 192,000 ብር ይሆናል። እናንተ ያንን ገንዘብ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ አልከፈላችሁም፤ ሆኖም አልገባላችሁም። የኢኮኖሚክስ መምህራችሁን ብትጠይቁ ይህም ወጪ ነው ይሏችኋል።

መ. የፈተና ወጪ። መንገዱ ላይ ብዙ በሮች አሉ። የመጀመሪያው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ካለፉት ተፈታኞች ድርሻ ስንነሳ፣ በአጠቃላይ ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሦስተኛው በር ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና ነው። ይህን ሳያልፉ በሙያው መሥራት አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ቤተሰብ በሬ ሸጦ ወይም ዕቁብ ጥሎ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ኮሌጁ ለዚህ ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? ከተመራቂዎቹስ የመውጫ ፈተናውን ያለፉት ስንቱ ናቸው? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት አሳዩኝ በሉ።

3. ያልታሰበ ወጪ በምን ይከፈላል?

አሁን መጀመሪያ ላይ ቃል ወደገባሁላችሁ ነገር ልምጣ። ይህ ጉዳይ በኤች አይ ቪ መከላከያ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?

ምን መሰላችሁ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲሸኝ የሚያስበው «ምግብና መኝታ አለላት» ብሎ ነው። በ«ለ» ላይ የዘረዘርኳቸውን ትንንሽ ወጪዎች ማንም አላሰባቸውም። ኅዳር ላይ ይዛው የሄደችው ብር ያልቃል። ወደ ቤት ደውላ እንዳትጠይቅ ታናናሾቿ አሉ፤ የእናቷን አቅም ታውቃለች። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ይመጣል። መኪና ሊኖረው ይችላል፣ በዕድሜ ሊበልጣት ይችላል፤ የካምፓስ ልጆች «ሹገር ዳዲ» የሚሉት ማለት ነው። አንዳንዴም ውጤት የሚሰጥ ወይም ሥራ እቀጥርሻለሁ የሚል ሰው ይሆናል። መጀመሪያ የስልክ ካርድ ይሞላላታል፣ ቀጥሎ ጫማ ይገዛላታል። ከዚያ በኋላ ኮንዶም እንጠቀም ለማለት ድፍረቱ ከየት ይምጣ? ብር የሰጠ ሰው ወሳኝ ይሆናላ! ወንዶቹም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። የገንዘብ ችግርና ብቸኝነት ወደ መጠጥና ጫት፣ ከዚያም ወደ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ሲመራቸው እናያለን።

ታዲያ «ራሳችሁን ጠብቁ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። በክረምቱ፣ ከምደባው በፊት፣ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ የወር ወጪን አንድ በአንድ መጻፍ የመከላከል ሥራ ነው። በወር ይህን ያህል ያስፈልገኛል፤ አባቴ ይህን ይልካል፣ አጎቴ ይህን ይደግፋል፣ የጎደለው ይህ ነው ማለት ያስፈልጋል። የጎደለው አስቀድሞ ከታወቀ በግቢ ውስጥ በሚገኝ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በማስጠናት ወይም የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮን ድጋፍ በመጠየቅ ሊሞላ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ትክክል አይሆንም። አንዲት ተማሪ ብትገደድ ወይም ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ቢያጋጥማት፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ዶርሟ ውስጥ መደበቅ የለባትም። ቫይረሱ እንዳይይዝ የሚከላከል መድኃኒት በጤና ተቋም ይሰጣል፤ መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

4. ስሌቱን አብረን እንሥራ

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። የጤና ባለሙያ ደመወዝ እንደ ሥራ መደቡ ሊለያይ፣ የጥቅማ ጥቅም ክፍያም ሊጨመርበት ይችላል። እኛ ግን ለምሳሌ ያህል መነሻውን እንያዝ።

ደመወዝ፦ 11,500 ብር
የሥራ ግብር፦ 2,100 ብር
ጡረታ (7 በመቶ)፦ 805 ብር
የወጪ መጋራት (10 በመቶ)፦ 1,150 ብር
እጅ ላይ የሚደርሰው፦ 7,445 ብር

እንግዲህ ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። ከዚህ በታች «እንበል» ያልኩት ሁሉ ለስሌት ያህል የወሰድኩት ቁጥር ነው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

አንደኛዋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። የወጪ መጋራት ዕዳዋ 60,000 ብር ነው እንበል። በወር 1,150 ብር እየተቆረጠባት በ53 ወር፣ ማለትም በአራት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ትጨርሳለች። ለኑሮዋ በወር 6,000 ብር ብታወጣ ዕዳዋን እየከፈለችም 1,445 ብር ይተርፋታል። ጠባብ ነው፤ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው በግል ኮሌጅ ተምሯል። በዓመት 40,000 ብር ከፍሏል እንበል፤ በአራት ዓመት 160,000 ብር ይሆናል። ለቤት ኪራይና ለምግብ በወር 5,000 ብር፣ በዓመት ለአሥር ወር፣ በአራት ዓመት 200,000 ብር ወጥቶበታል። ድምሩ 360,000 ብር ነው። የወጪ መጋራት ስለማይቆረጥበት 8,595 ብር እጁ ላይ ይደርሳል። እሱም ለኑሮው 6,000 ብር ቢያወጣ 2,595 ብር ይተርፈዋል። ያንን በሙሉ ለቤተሰቡ ቢመልስ 139 ወር፣ ማለትም አሥራ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ይፈጅበታል። ደመወዝ እያደገ ስለሚሄድ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ልዩነቱን ግን አያችሁት? ዲግሪው አንድ ነው፤ የገቡበት በር ግን ሁለቱን ለየቅል አድርጓቸዋል።

5. ሥራውስ የት ነው?

ጤና መኮንን በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በዞን ጤና መምሪያ፣ በክልል ጤና ቢሮ፣ በግል ክሊኒክና መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ይሠራል። በአሠራሩ መሠረት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን ይዞ 25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል። በጤና ኬላዎቹ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚደግፈው፣ ሪፖርታቸውን ተቀብሎ «እዚህ ችግር አለ» የሚለው የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነው።

ልምድ ካካበቱ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል። በኤፒዴሚዮሎጂ፣ በሥነ ተዋልዶ ጤና፣ በሥነ ምግብ፣ በጤና አገልግሎት አስተዳደርና በመሳሰሉት ማለት ነው። በሥራ ላይ እያሉ መሥሪያ ቤት የትምህርት ዕድል ከሰጠ ወጪው ይቀላል፤ በልዋጩ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይፈረማል። የኮቪድ በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ይፋ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ፈልጎ የመከታተል ሥራ የዚህ ሙያ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ አይገባም። የሕዝቡ ፍላጎት ብዙ መሆኑና የቅጥር በጀት መኖሩ አንድ አይደለም። በየገጠሩ ባለሙያ ጎድሎ እያለ፣ ዲግሪያቸውን ይዘው የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠባበቁ ጤና መኮንኖች አሉ። ጤና ጣቢያው ይፈልጋቸዋል፤ የወረዳው በጀት ግን አልበቃም።

ሌላው ጉዳይ የፕሮጀክት ሥራ ነው። «ኤንጂኦ እገባለሁ፣ በዶላር እከፈላለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። በኤች አይ ቪ ዘርፍ ለረጅም ዓመታት ከፍተኛ የውጭ ገንዘብ ይመጣ ስለነበር ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በሲዲሲና በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል ጤና ሚኒስቴር ለማቋረጥ ተገዷል። ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። ሥራቸው አስፈላጊ መሆኑ ሳይቀር ደመወዛቸው ቀረ። ከዚህ የምንማረው የፕሮጀክት ሥራ መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ በፕሮጀክት ደመወዝ ተማምኖ የአሥር ዓመት ዕዳ ውስጥ መግባት እንደማያዋጣ ነው።

6. ታዲያ ለማን ያዋጣል?

የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለምትመደቡ፣ ሒሳብና ባዮሎጂ ለማይከብዳችሁ፣ ከሰው ጋር ማውራት ለምትወዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስፋልት በሌለበት ወረዳ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ለመሥራት ፈቃደኛ ለሆናችሁ ያዋጣል። ዕዳው የሚቻል ነው፤ ልምዱ በር ይከፍታል። በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ባለሙያ ኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ሲማር፣ በመጽሐፍ የሚነበበውን በዓይኑ አይቶታልና ይቀለዋል።

«ሕክምና ካልደረሰኝ ይሁን እንግዲህ» ብሎ ለሚገባ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ መቀመጥን ብቻ ለሚያስብ፣ ወይም የቤተሰቡን ጥሪት ፈቃዱ ላልተጣራ ኮሌጅ ለሚከፍል ግን አያዋጣም። ለእነዚህ ሌሎች መንገዶች አሉ። በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጡ ሥልጠናዎች አጭር ናቸው፤ ሥራ ይዞ ኋላ ወደ ዲግሪ ማደግ ይቻላል። ነርስነት፣ አዋላጅ ነርስነት፣ ላቦራቶሪም አሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም አትዘኑ፤ ሕዝብን ከበሽታ ለመጠበቅ የግድ ጋወን መልበስ አያስፈልግም። እኔም ጋወን አልለብስም።

ምርጫችሁን ከመሙላታችሁ በፊት የሚከተሉትን አድርጉ።

— በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አንድ ጤና መኮንን አነጋግሩ። ቀኑ እንዴት እንደሚውል ጠይቁት እንጂ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁት።
— የአራቱን ዓመት ወጪ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር በወረቀት ላይ ጻፉ። የጎደለውን በቀይ አስምሩበት።
— የወጪ መጋራቱን ውል ሳታነቡ አትፈርሙ። ቅጂውን አስቀምጡ።
— ሥራ ለአንድ ዓመት ባይገኝ ምን ትሠራላችሁ? መልሱን ዛሬ አስቡበት።

ለክበብ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በክፍል 2 ከተዘረዘሩት አራት የወጪ ዓይነቶች በእናንተ ቤት ከቶ ተነሥቶ የማያውቀው የትኛው ነው?
2. አንዲት የካምፓስ ተማሪ ገንዘብ ሲያልቅባት ያለ ሹገር ዳዲ ምን ምን አማራጭ አላት? ቢያንስ አምስት ጥቀሱ።
3. ሕዝቡ ባለሙያ እየፈለገ ባለሙያው ሥራ የሚያጣው ለምን ይመስላችኋል?
4. በክፍል 4 ያለውን ስሌት በራሳችሁ ከተማ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ እንደገና ሥሩት። ውጤቱ ምን ያህል ተለወጠ?

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የክበባችሁ ሰብሳቢ ጥያቄዎቹን ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያዘጋጃቸው አድርጉ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ደግሞ ስሌቱን ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ብትሠሩት፣ ቡና በተፈላበት ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ ሁሉም ቁጭ ይላልና።

መልካም ጥናት! ቸር ያገናኘን።